ባንኮክ በሕክምና ቀጠሮ መሀል፦ ደረጃ ከማይወዱ እናት ጋር አሮጌውን ከተማ በ3 ቀን ማየት ይቻላል?

እህተ_ዓባይ
ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ እናቴን ለምርመራ ይዤ ባንኮክ እሄዳለሁ። ውጤቱ እስኪወጣ 3 ባዶ ቀን ይኖረናል፤ የምናርፈው ሱኩምቪት መንገድ፣ ናና አካባቢ ነው። ሆቴል ተዘግቶ ከመዋል አሮጌውን ከተማ ላሳያት አስቤያለሁ። 67 ዓመቷ ነው፤ በእግሯ ትሄዳለች፣ ደረጃ ሲበዛ ግን ጉልበቷ እሺ አይላትም። ጾም ላይም ነን። እስካሁን ያገኘሁት ምክር ሁሉ «በአንድ ቀን 10 ቤተ መቅደስ» የሚል የጎረምሳ ሩጫ ነው። የትኛው ይበቃል፣ በምን ይኬዳል፣ ምን ይለበሳል፣ ምን ይበላል? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልኝ።

ጠረፍ_88
መጀመሪያ በሰዓት እንግባባ፤ የምጽፈው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ድረ ገጽ ላይ 8:30 የሚለውን ጠዋት 2:30 ብለሽ አንብቢ። ቤተ መንግሥቱ ትኬት የሚሸጠው ከጠዋቱ 2:30 እስከ ከሰዓት 9:30 ነው። 8:30ን ስምንት ተኩል ብሎ የወሰደ ሰው ትኬት መሸጫው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ይደርሳል፤ ያውም ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን።

አሮጌው ከተማ ራታናኮሲን ይባላል። ንጉሥ ራማ አንደኛ እ.ኤ.አ. በ1782 ዋና ከተማውን ከወንዙ ማዶ፣ ከቶንቡሪ አሻግሮ የቆረቆረው ነው። ሦስቱ ዋና ዋና ቦታዎች፣ ማለትም ታላቁ ቤተ መንግሥት (በውስጡ ካለው፣ አረንጓዴው ቡድሃ ከሚገኝበት ዋት ፍራ ኬው ጋር፤ «ዋት» ቤተ መቅደስ ማለት ነው)፣ ዋት ፖ እና ዋት አሩን፣ ካርታ ላይ የተጣበቁ ይመስላሉ። ስለዚህ ሰው ሁሉ በአንድ ጠዋት ሊጠቀልላቸው ይነሳል። የሚያደክመው ግን ርቀቱ አይደለም። ጥላ የሌለው ግቢ፣ እየደጋገሙ ጫማ ማውለቅና ማጥለቅ፣ ከዚያም የቤተ መቅደሶቹ በሮች ታችኛ እንጨት ነው። ይህ እንጨት ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በነሱ ደንብ አይረገጥም፣ እግር ተነሥቶ ይታለፋል። ጉልበት ለሚያመው ሰው አንዱ በር ምንም አይደለም፤ አሥረኛው ላይ ግን ይታወቃል።

ስለዚህ ለእናትሽ ቤተ መንግሥቱን ብቻውን አንድ ጠዋት ስጪ። ዋት ፖንና ወንዙን ለሌላ ቀን ከሰዓት አድርጊው። ሦስተኛው ቀን ጥላና ወንበር ያለበት ቦታ ይሁን።

መጓጓዣ፦ ከናና ከላይ በሚሄደው ባቡር (ቢቲኤስ) አንድ ፌርማታ፣ አሶክ። እዚያ በሊፍት ወርዳችሁ ወደ ምድር ውስጡ ባቡር (ኤምአርቲ)፣ ሱኩምቪት ጣቢያ ግቡ። ሰማያዊው መስመር፣ «ላክ ሶንግ» የሚለውን አቅጣጫ ይዛችሁ 9ኛው ጣቢያ ሳናም ቻይ ነው። ባቡር መቀየር የለም፤ 20–25 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በጥሬ ገንዘብ ስትከፍዪ ማሽኑ ጥቁር ክብ ፕላስቲክ ይሰጥሻል፤ ስትገቢ በሩ ላይ ታስነኪዋለሽ፣ ስትወጪ ማሽኑ ይውጠዋል። የእናትሽን አንቺ ያዢላቸው። ጠዋት በታክሲ ከናና መነሳት ርካሽ ይመስላል፤ ግን መንገዱ ሲዘጋ ያው ርቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

የመግቢያ ዋጋ ለውጭ ሰው፦ ቤተ መንግሥት 500 ባህት (የታይ ገንዘብ)፣ ዋት ፖ 300፣ ዋት አሩን 200። አሮጌ ጽሑፍ 200ና 100 ቢልሽ፣ ዋት ፖና ዋት አሩን እ.ኤ.አ. በ2024 ጨምረዋል።

ወዲህ_ወዲያ
ቤተ መንግሥቱን ዝለሉት። 500 ባህት ከፍሎ በሰው ትከሻ መሀል መንሳፈፍ ነው። አረንጓዴው ቡድሃ ራሱ ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከፍ ካለ መንበር ላይ ስለተቀመጠ ከሩቅ አውራ ጣት ያህላል። ውስጥ ፎቶም ክልክል ነው። ዋት ፖ ይበቃችኋል።

ቀለሟ
@ወዲህ_ወዲያ ሐውልቱን ብቻ ለማየት ከሆነ ልክ ነህ። ብዙ ሰው የሚያልፈው ግን ሥዕሉን ነው። ዋት ፍራ ኬውን ዙሪያውን የከበበው በረንዳ በ178 የግድግዳ ሥዕሎች የተሞላ ነው፤ ራማኪየን የሚባለው የነሱ ራማያና (የሕንዶች ጥንታዊ የጀግና ታሪክ) ከዳር እስከ ዳር ተስሎበታል። ደግሞ በረንዳው ጣሪያ አለው! በግቢው ውስጥ ጥላ የሚገኘው እዚያ ነው። ለእናትሽ መሀሉን ግቢ ቶሎ አልፋችሁ በረንዳውን ያዙ፤ ሌላው ሕዝብ ወርቃማው ጉልላት ፊት ፎቶ ሲጋፋ እናንተ ጥላ ላይ ትቆማላችሁ።

አነባበቡ፦ ታሪኩ የሚጀምረው ከሰሜኑ በር አጠገብ ነው፤ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ይዞራል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉውን በአንድ ዓይኑ እንደምንለየው፣ እነሱ በቀለም ይለያሉ። የታሪኩ ጀግና ራማ አረንጓዴ ነው፤ ሃኑማን ነጭ ዝንጀሮ ነው፤ 10 ራስ ያለው ደግሞ የላንካው የግዙፎች ንጉሥ ቶትሳካን ነው። ይህን ሦስቱን ከያዝሽ ግማሹን ታሪክ ያለ አስጎብኚ ትከተዪዋለሽ። በየበሩ ጥርሳቸውን አግጥጠው የቆሙት 12 ግዙፍ ዘቦችም ከዚሁ ታሪክ የወጡ ናቸው።

ስለ አረንጓዴው ቡድሃ አንድ ነገር ልጨምር። በአፈ ታሪካቸው እ.ኤ.አ. በ1434 ቺያንግ ራይ ውስጥ መብረቅ የመታው ጉልላት ሲሰነጠቅ ነው በልስን ተሸፍኖ የተገኘው። ከዚያ ላኦስ ውስጥ ከ200 ዓመት በላይ ቆየ፤ በኋላ ራማ አንደኛ የሆነው ጄኔራል ከቪየንቲያን ማርኮ አመጣው። በዓመት 3 ጊዜ፣ በበጋ፣ በዝናብና በቀዝቃዛው ወቅት መግቢያ፣ ንጉሡ ልብሱን ይቀይሩለታል። እናንተ በኅዳር መጨረሻ ስትሄዱ የቀዝቃዛው ወቅት ልብሱን ለብሶ ታገኙታላችሁ፤ ከትከሻው እስከ ታች የሚሸፍን የወርቅ መረብ ነው።

ሌላው፣ ከትኬቱ ጋር የሚሰጠውን ወረቀት አትጣሉ። በሥራ ቀናት (ከሰኞ እስከ ዓርብ) ሳላ ቻለርምክሩንግ በሚባለው ቲያትር የኾን ጭምብል ጭፈራ ያስገባል። አጭር ነው፣ ወንበርና ቀዝቃዛ አየር አለው፣ ከቤተ መንግሥቱ የሚያደርስ ተሽከርካሪም አለ። ግድግዳው ላይ ያያችኋቸው ሃኑማንና ቶትሳካን መድረክ ላይ ይወጣሉ። ኾን እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኔስኮ የመዘገበው ነው፤ ለብቻው ቢገዛ ውድ ነው።

ክሩንግቴፕ_ነዋሪ
የደላሎቹን ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ይቆጨኛል። ቤተ መንግሥቱ በ1,900 ሜትር ግንብ የታጠረ ነው፤ ጎብኚ የሚገባበት በር ግን በሰሜን በኩል፣ ና ፍራ ላን መንገድ ላይ ያለው ብቻ ነው። ከሳናም ቻይ ወይም ከዋት ፖ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የደቡቡንና የጎኑን ግንብ ነው፤ እዚያ ያሉት በሮች ደግሞ ዝግ ናቸው። ደላሎቹ የሚቆሙት እዚያ ነው። በሥነ ሥርዓት የለበሰ፣ አንዳንዴም አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው ቀርቦ «ዛሬ ሥነ ሥርዓት ስላለ እስከ 7 ሰዓት ዝግ ነው፤ እስከዚያ በ40 ባህት ባጃጅ 3 ቤተ መቅደስ ያሳያችኋል» ይላል። የተዘጋ በር ፊት ለፊታችሁ ስላለ ታምናላችሁ። ባጃጁ (እነሱ ቱክ ቱክ ይሉታል) አንድ ትንሽ ቤተ መቅደስ ካሳየ በኋላ የከበረ ድንጋይ ሱቅና ልብስ ሰፊ ቤት ያወርዳችኋል፤ ለሾፌሩ ኮሚሽን የሚከፈለው እዚያ ነው።

መፍትሔው፦ «ዝግ ነው» ያለ ሰው የትኬት መስኮት ውስጥ ካልተቀመጠ አትስሙት። መልስ ሳትሰጡ ግንቡን ተከትላችሁ ወደ ሰሜን ቀጥሉ። ቤተ መንግሥቱ በእውነት የሚዘጋበት የንጉሣዊ ሥነ ሥርዓት ቀን አለ፤ ያን ግን ከቤተ መንግሥቱ ድረ ገጽ ማታውኑ ማየት ይቻላል።

ለእናትሽ ከሳናም ቻይ እስከ ሰሜኑ በር ያለው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ በፀሐይ አይሆንም። ከጣቢያው በስልክ መተግበሪያ (ግራብ ወይም ቦልት) ጥሩ፤ ዋጋው ቀድሞ ስለሚታይ ክርክር የለውም። በዚያ አካባቢ የቆመ ታክሲ ሜትር ማብራት አይወድም፤ ሜትሩ ላይ መነሻው 35 ባህት ሆኖ ሳለ 300 ይጠይቃል።

እህተ_ዓባይ
እጅግ አመሰግናለሁ። ስለ ልብስ ልጠይቅ፤ እናቴ ነጠላዋን አትተውም። ነጠላ መደረብ ይበቃል?

ክሩንግቴፕ_ነዋሪ
ዋት ፖና ዋት አሩን ላይ ችግር የለውም። ቤተ መንግሥቱ ላይ ግን ነጠላው ብቻውን አይበቃም። የሚያዩት ከሥር የተለበሰውን ነው፤ እጅጌ የሌለው ልብስ ላይ ሻርፕ ወይም ነጠላ ብትደርቢ በር ላይ ይመልሱሻል፣ በተለይ የሚያሳይ ስስ ከሆነ። እጅጌ ያለው ቀሚስ፣ ከጉልበት በታች የሚደርስ፣ በላዩ ነጠላ ከሆነ ማንም አይናገራቸውም። ለአንቺም ሱሪ ከሆነ ሙሉና ያልተቀደደ፤ ታይትስ የሚባለው ጠባብ ሱሪም አይፈቀድም። ካልተሳካ ከበሩ ፊት ለፊት ዝሆን የታተመበት ሰፊ ሱሪ በ100–200 ባህት ይሸጣል።

ጫማ ማሰሪያ የሌለው፣ በእግር ብቻ የሚወልቅ ይሁን። ካልሲ ያዙ፤ ከቀትር በኋላ የእብነ በረዱ ወለል ያቃጥላል። ቤተ መቅደስ ውስጥ ሲቀመጡ የእግር መዳፍ ወደ ቡድሃው መዞር የለበትም፤ ወደ ጎን አጥፎ መቀመጥ ነው ደንቡ። ጉልበታቸውን ማጠፍ ካልቻሉ ከኋላ ቢቆሙ ይሻላል። ሴት፣ ወንድ መነኩሴን አትነካም፣ በእጅም ዕቃ አታቀብለውም።

ጠረፍ_88
ዋት ፖን ልቀጥል። የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ቁመት አለው፤ ራማ ሦስተኛ በ1832 ያሠሩት ነው፣ ውስጡ ጡብ ሲሆን በልስንና በወርቅ ቅጠል ተሸፍኗል። አዳራሹ ለሐውልቱ ልክ የተሠራ ስለሆነ ወደ ኋላ ርቆ ማየት አይቻልም። ሁሉም ሰው ከሐውልቱ ራስ በኩል ገብቶ ፊቱ ላይ ቆሞ ይጨናነቃል። ፊቱን አልፋችሁ እስከ እግሩ ሂዱ፤ ሙሉ ርዝመቱ የሚታየው ከእግሩ ጥግ ወደ ኋላ ሲመለከቱ ነው። የእግሩ መዳፍ በዛጎል የተለበጡ 108 ምልክቶች አሉት፤ የዕንቁ መልክ ያለው ሥራ ነው፣ ጊዜ ስጡት። በጀርባው በኩል 108 የነሐስ ሳህን ተደርድሯል፤ መግቢያው ላይ 20 ባህት ሰጥታችሁ የሳንቲም ጭብጥ ትገዙና በየሳህኑ አንድ አንድ ትጥላላችሁ። ድምፁ አዳራሹን ሙሉ የሚሞላው እሱ ነው።

የሐውልቱን አዳራሽ ብቻ አይቶ የሚወጣ ሰው ዋት ፖን አላየም። ከኋላ ያለው ግቢ ጸጥ ያለና ዛፍ ያለበት ነው። በግድግዳው ላይ ስለ ሕክምና፣ ስለ መታሻ ነጥቦች፣ ስለ ግጥም የተቀረጹ የድንጋይ ጽሑፎች አሉ፤ ማተሚያ ባልተስፋፋበት ዘመን ለሕዝብ ትምህርት ተብለው የተቀረጹ ናቸው፣ ዩኔስኮም መዝግቧቸዋል። የታይ መታሻ ትምህርት ቤት አሁንም እዚያው ግቢ ውስጥ ይሠራል፤ የሰዓት ዋጋው ከ400 እስከ 600 ባህት መሀል ነው። ግን ለሕክምና የመጣ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይታሽ። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ እግሩ ያበጠ ሰው ላይ የታይ መታሻ ጠንካራ ነው፤ በክርንና በጉልበት ሳይቀር ይጫናሉ።

ዋት ፖን ከሰዓት 9:30 ገደማ ብትገቡ ፀሐዩ ጋብ ይላል። ከዚያ በምዕራብ በር ወጥታችሁ መንገዱን ስትሻገሩ ታ ቲየን የጀልባ ማቆሚያ ነው።

ወዲህ_ወዲያ
ዋት አሩን ስሙ «የንጋት ቤተ መቅደስ» ስለሆነ ሰው በሌሊት ተነሥቶ ይሄዳል። በንጋት ዝግ ነው ወገኖች! የሚከፈተው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ደግሞ ከወንዙ ምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ከጀርባው ነው፤ ውበቱ ማታ ከማዶ ሆኖ ሲታይ ነው።

ቀለሟ
በዚህ እንስማማለን። ግን ጊዜ ካለ በ5 ባህት መሻገሪያ ጀልባ ተሻግሮ ከቅርብ ማየትም ይገባል፤ ከሩቅ ነጭ የሚመስለው ግንብ ከቅርብ አበባና ቅጠል ሆኖ የተገጣጠመ የሸክላ ስብርባሪ ነው። ከቻይና የሚመጡ መርከቦች ክብደት እንዲሆናቸው ይጭኑት ከነበረው ሸክላ የተሠራ ነው ይባላል። ደረጃው ግን እንደ መሰላል የቆመ ነው፤ እናትሽ ከታች ሆነው ይዩት፣ ምንም አይቀርባቸውም። አሠራሩ ወለል ላይ ነው የሚያምረው። በዚያ ቀን ቅደም ተከተሉ ዋት ፖ፣ ተሻግሮ ዋት አሩን (12 ሰዓት ይዘጋል)፣ ተመልሶ ታ ቲየን በኩል ጀምበሯን ማየት ይሁን። በዚያ ወቅት 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀር ትጠልቃለች።

ክሩንግቴፕ_ነዋሪ
ጀልባውን ላብራራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በቻዎ ፍራያ ወንዝ ላይ የሚሄዱት ጀልባዎች በባንዲራ ቀለም ይለያሉ። ብርቱካናማው የሕዝብ ነው፤ የትም ውረዱ 16 ባህት፣ ገንዘብ ተቀባይዋ የብረት ቱቦ እያንኳኳች ትመጣለች። ሰማያዊው የቱሪስት ነው፤ የቀን ትኬቱ 150 ባህት። መሻገሪያው ደግሞ ባንዲራ የለውም፣ 5 ባህት ነው፤ የሚነሣውም ከራሱ መቆሚያ ነው። ማቆሚያው ላይ ያሉ ሻጮች ሰማያዊውን ብቻ እንዳለ አድርገው ይነግሯችኋል።

ለአንቺ 16 ባህቱ ይበቃሽ ነበር። ለእናትሽ ግን ሰማያዊው ይሻላል፤ ምክንያቱም የሕዝቡ ጀልባ የሚቆመው ለሰከንዶች ነው፣ መቆሚያውም ራሱ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ስለሆነ ሁለቱም እየተወዛወዙ ነው የሚዘለለው። ሰማያዊው ረጋ ብሎ ያሳፍራል፣ ወንበር ይገኛል።

ከናና አጠገብ ሳየን ሳየብ የሚባል የቦይ ጀልባም አለ፤ ፕራቱናም ላይ ቀይረሽ ፓንፋ ስትወርጂ ከወርቃማው ተራራ (ዋት ሳኬት) ሥር ትደርሻለሽ። ከ10 እስከ 20 ባህት ገደማ ነው፣ የመኪና መጨናነቅ የለበትም። ለእናትሽ ግን በፍጹም፤ በገመድ ተይዞ ነው የሚገባው፣ ውኃውም ቆሻሻ ነው፣ ሲረጭ ዳር የተቀመጠው ሰው ላስቲኩን ጎትቶ ይከላከላል። ወርቃማው ተራራም ከ300 በላይ ደረጃ ነው፤ እርሱት።

ጾመኛው
የምግብ ነገር ለእኔ ተዉት። ታይ ምግብ አትክልት ቢመስልም ጾም አይደለም። የዓሣ መረቅ (ናም ፕላ) በሁሉም ውስጥ ይገባል፤ የካሪው ቅመም የተፈጨ ሽሪምፕ አለው፤ የፓፓያው ሰላጣ ላይ ደረቅ ሽሪምፕ ይወቀጣል። «ሥጋ አልበላም» ብትዪ ሥጋውን ብቻ አውጥተው ያመጡልሻል። «ማንግሳዊራት» የሚለው ቃልም አያድንሽም፤ እንቁላልና ወተት ይፈቅዳል።

የሚያድንሽ ቃል «ጄ» ነው። የቻይና ቡድሂስቶች ጾም ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለውም፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም፤ ከኛው ይጠብቃል። ምልክቱ ቢጫ ባንዲራ ወይም ቢጫ ወረቀት ላይ በቀይ የተጻፈ፣ 17 ቁጥርን የሚመስል ፊደል ነው። ሱቅ ውስጥ በታሸገ ምግብ ላይም ይታተማል። ያዎራት (የቻይናዎች ሠፈር) ውስጥ እንደ ልብ ነው፤ በገበያ አዳራሾች የምግብ ፎቅ ላይም አብዛኛውን ጊዜ አንድ የጄ መስኮት አይጠፋም። ሌላ ቦታ ከተቸገርሽ «ማይ ሳይ ናም ፕላ» (የዓሣ መረቅ አታድርጉበት) በዪ። ማንጎ በተጣባቂ ሩዝ የሚሠራው በኮኮናት ወተት ስለሆነ ጾም ነው። ናና አካባቢ የሀበሻ ምግብ ቤትም ስለሚገኝ ማታ በያይነቱ አያጡም።

ቀለሟ
ሦስተኛው ቀን ላይ ብሔራዊ ሙዚየሙን እመክራለሁ። ድሮ የምክትል ንጉሡ ቤተ መንግሥት የነበረ ነው፤ ከታላቁ ቤተ መንግሥት በስተሰሜን በሳናም ሉአንግ ሜዳ ዳር ነው። የቀብር ሠረገሎቹ አዳራሽ ብቻውን ይበቃል፦ ትልቁ በ1795 የተሠራ ነው፣ 13.7 ቶን ይመዝናል፣ ከ11 ሜትር በላይ ቁመት አለው፣ የሚጎተተውም በሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንጉሥ ቡሚቦል ቀብር ወጥቶ ነበር። አዳራሹ ብዙ ደረጃ አይፈልግም፣ ሰውም አይበዛበትም። ጠዋት 3 ሰዓት ይከፈታል።

የጂም ቶምሰን ቤት ሁሉም የሚጠቁመው ነው፤ 6 የጥንት የቲክ እንጨት ቤቶች የተገጣጠሙበት፣ በእርግጥም ቆንጆ ነው። ግን በምሰሶ ላይ የቆመ ቤት ስለሆነ ጉብኝቱ ደረጃ ላይ ነው። ቪማንሜክና አናንታ ሳማኮም የሚሉትን ደግሞ አሮጌ መመሪያ ላይ ብታዪ አትሂጂ፤ ለጎብኚ ዝግ ናቸው።

ያዎራት ከሄዳችሁ ዋት ትራይሚት አለ፦ 5.5 ቶን የወርቅ ቡድሃ። ለዘመናት በልስን ተሸፍኖ ተራ ሐውልት መስሎ ኖሮ፣ በ1955 ሲያንቀሳቅሱት ወድቆ ልስኑ ሲሰነጠቅ ነው ወርቁ የታየው። ሐውልቱ ያለው ላይኛው ፎቅ ነው፤ በእናትሽ አቅም መዝኚው።

ዘማች_ካርታ
ክሩን ልጥለፍ። ብቻዬን ነኝ፣ አንድ ሙሉ ቀን አለኝ፣ ባንኮክን አይቼዋለሁ። አዩታያ በቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል?

ጠረፍ_88
በደንብ። ከ1767 በፊት ከ400 ዓመት በላይ ዋና ከተማ የነበረው እሱ ነው፤ በርማዎች ካቃጠሉት በኋላ ነው መንግሥቱ ወደ ታች የወረደው። ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ በአብዛኛው ከክሩንግ ቴፕ አፊዋት ጣቢያ (ባንግ ሱ) ይነሣል፤ ከሁዋ ላምፖንግ የሚነሡ ዝግተኛ ባቡሮችም አሉ። ሦስተኛ ማዕረግ 20 ባህት አካባቢ ነው፣ አየር ማቀዝቀዣ የለውም፣ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ካልተነሣህ ፍርስራሹ መሀል ቀትር ይይዝሃል፤ ጥላ የለም።

ከጣቢያው ቀጥ ብለህ ወንዙ ድረስ ሂድ፣ በጥቂት ባህት ተሻገር፣ ብስክሌት ለቀን 50 ባህት ገደማ ተከራይ። ከተማው በ3 ወንዞች የተከበበ ደሴት ስለሆነ ሜዳ ነው። ዋት ማሃታት ያለው፣ በዛፍ ሥር ተጠቅልሎ የሚታየው የቡድሃ ራስ ፊት ፎቶ ስትነሣ ቁጢጥ በል፤ ራስህ ከሱ ራስ በላይ ከሆነ ጠባቂው ይጮህብሃል። ከሰዓት በ1630 ወደተሠራው ዋት ቻይዋታናራም ሂድ፤ እሱ ከደሴቱ ውጭ፣ ወንዙን ተሻግሮ ነው።

ክሩንግቴፕ_ነዋሪ
ሰዓት ስለተነሣ አንድ ነገር፤ ታዮች ማታ እንደ እኛ ይቆጥራሉ። ከምሽቱ 1 ሰዓት «ኑንግ ቱም» ነው፣ ትርጉሙም «አንድ»፤ 2 ሰዓት «ሶንግ ቱም»፣ እንዲህ እያለ እስከ 5 ይሄዳል። ጠዋትም በድሮው አነጋገር 2 ሰዓት «ሶንግ ሞንግ ቻዎ» ነው፣ ሁለት። ከቀትር በኋላ ግን ይለያያል፤ «ባይ ሶንግ» ቢሉሽ የእኛ 8 ሰዓት ነው። ቀጠሮ በቃል ከያዝሽ በጽሑፍ አረጋግጪ።

ዓመተ ምሕረቱም ሌላ ነው፤ የፈረንጁ ላይ 543 ይደመራል። የመድኃኒት ፓኮ ላይ 2570 ብታዪ አትደንግጪ፣ 2027 ማለት ነው። (ፈረንጅን ደግሞ እነሱም «ፋራንግ» ነው የሚሉት፤ ምንጩ ከእኛው ቃል ጋር አንድ ነው። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከታች የአውሮፓ ሕንጻ ሆኖ በላዩ የታይ ጣሪያ የተደፋበትን ቻክሪ ማሃ ፕራሳት «ዘውድ የደፋ ፋራንግ» እያሉ ይቀልዱበታል።)

ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ጣቢያና መናፈሻ ውስጥ መዝሙር ሲሰማ ሁሉም ይቆማል፤ ቁሙ። ስለ ንጉሣውያኑ አትቀልዱ፣ በሕግ ያስጠይቃል። የቡድሃ ሐውልት ገዝቶ ከአገር ለማውጣት የሥነ ጥበብ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጠረፍ_88
ከመድረሳችሁ በፊት ያለውን እንዳትረሱ፦ ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ተጓዥ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ነው። ሱቫርናፑም አየር ማረፊያ ከኢሚግሬሽን ሰልፍ በፊት የጤና ቁጥጥር መስኮት ሄዳችሁ ታስመታላችሁ። ቀጥታ ሰልፍ የገባ ሰው ተራው ሲደርስ ይመለሳል፤ ከእናት ጋር ያ ሰልፍ ሁለቴ አይቆምም። እ.ኤ.አ. ከ2025 ግንቦት (ሜይ) ወዲህ ደግሞ የዲጂታል መግቢያ ካርድ ታይላንድ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ይሞላል። ነፃ ነው፤ ክፍያ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካገኘሽ የመንግሥት አይደለም።

እህተ_ዓባይ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ እንዲህ አሰብኩ፦ ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መንግሥት፤ እሑድ ከሰዓት ዋት ፖ፣ ዋት አሩንና ጀልባ፤ ሰኞ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ማታ ያዎራት ለጄ ምግብ። እንዴት ነው?

ቀለሟ
ቅዳሜና ሰኞን አለዋውጪያቸው። ብሔራዊ ሙዚየሙ ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው፤ ኾን ደግሞ ቅዳሜ የለም፣ ስለዚህ ቤተ መንግሥቱን ሰኞ ካደረግሽው ጭፈራውንም ታገኛላችሁ።

ጾመኛው
ያዎራትንም ወደ ቅዳሜ ማታ አምጪው። ሰኞ ብዙዎቹ የመንገድ ዳር ሻጮች አይወጡም። በዚያው በሰማያዊው መስመር ዋት ማንግኮን ጣቢያ ትወርዳላችሁ፤ ሊፍት አለው።

ክሩንግቴፕ_ነዋሪ
ሰኞ ጠዋት ባቡሩ ከ1 እስከ 3 ሰዓት በሠራተኛ ይታጨቃል፤ እናትሽ ወንበር አያገኙም። 12:30 ላይ ከሆቴል ውጡ፣ ሳናም ቻይ ወርዳችሁ ቁርስ ብሉ፣ 2:15 ላይ የሰሜኑ በር ፊት ሁኑ።

እህተ_ዓባይ
12:30 የጠዋቱ ነው አይደል? 😅

ክሩንግቴፕ_ነዋሪ
አዎ፣ የጠዋቱ። ስልክሽ ላይ 6:30 ብለሽ ሙዪው።